«አላውቅም» ያለንን ሐኪም ትተን ሌላ ጋ እንሂድ?

ጥያቄው ከአራት ኪሎ ነው የመጣው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ዶክተር፣ እናቴ 56 ዓመቷ ነው። ላለፉት ሁለት ወራት ማታ ማታ ትኩሳት ይነሳባታል፣ ሌሊት ያልባታል፣ ምግብ አስጠልቷታል፣ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋታል። መጀመሪያ ፒያሳ አካባቢ ያለ ክሊኒክ ወሰድናት። ደሟ ታየና ታይፎይድ ነው ተብሎ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ተሻላት፣ ከሳምንት በኋላ ግን ተመለሰባት። ሁለተኛው ክሊኒክ ታይፎይድም ታይፈስም አለባት ብሎ ሌላ መድኃኒት ሰጠ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው አለ። በመጨረሻ ሰው ጠቁሞን አንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ጋ ሄድን። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠይቃትና ሲያያት ቆየና ‹እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም› አለን። መድኃኒት እንኳን አላዘዘም። ምርመራዎች ጻፈና ትኩሳቷን በደብተር እየመዘገባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ኑ አለ። ወንድሜ በጣም ተናዷል። ‹አላውቅም ለማለት ነው እንዴ ስፔሻሊስት የሆነው?› ይላል። ሌላ ጋ እንውሰዳት? ደግሞስ ሳይንስ እዚህ በደረሰበት ዘመን ትኩሳትን ማወቅ እንዴት ያቅታል?»

ሌላ ጋ አትውሰጃቸው። የታዘዘውን ምርመራ ሁሉ አሠርታችሁ በቀጠሮው ቀን ወደ አራተኛው ሐኪም ተመለሱ። እናትሽን ስላልመረመርኩ በሽታቸው ይህ ነው ልልሽ አልችልም፣ ልገምትም አልፈልግም። ለምን ተመለሱ እንደምል ግን በደንብ ላስረዳሽ እችላለሁ።

ጥያቄሽ ውስጥ አንድ ስሌት አለ፤ ሦስቱ አውቀዋል፣ አራተኛው አላወቀም የሚል። እኔ ታሪኩን ሳነበው አራቱም አላወቁም። ሦስቱ ስም ሰጡ። አራተኛው አለማወቁን አወቀ፣ ለእናንተም ሳይደብቅ ነገራችሁ። ስም መስጠትና ማወቅ አንድ መስለው ስለሚታዩን ነው የተናደዳችሁት።

ከታይፎይዱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ግማሹ የአዲስ አበባ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሏል። በየክሊኒኩ በብዛት የሚሠራው ምርመራ ዊዳል ይባላል። ወረቀቱን አውጥተሽ ብታዪው «ኦ» እና «ኤች» የሚሉ ፊደላት፣ ከጎናቸውም 1:80 ወይም 1:160 የሚል ቁጥር ታገኚ ይሆናል። ምርመራው በ1896 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ስሙ የፈረንሳዊው ሐኪም የፈርናንድ ዊዳል ነው። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ጀርሙን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነታችን ጀርሙን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ድሮ ከታመምነው ሊቀር ይችላል፣ ከታይፎይድ ጋር ዝምድና ካለው ሌላ ጀርም ሊመጣ ይችላል፣ ከክትባትም ሊመጣ ይችላል። ጤነኛ ሰው፣ ምንም የማያመው ሰው፣ መንገድ ላይ ይዘሽ ብታስመረምሪው «አለብህ» ሊባል ይችላል። የታይፈሱ ምርመራ፣ ዌል ፊሊክስ የሚባለው፣ ከዚህም የደከመ ነው። ከ1916 ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚሠራውም በታይፈስ ጀርም ሳይሆን ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ ሁለቱ በአንድ በኩል ስለሚመሳሰሉ ብቻ።

ቁጥር ልስጥሽ። ለማስረዳት ያህል የወሰድኩት ቁጥር ነው እንጂ ከቆጠራ የመጣ አይደለም። ትኩሳት ያለባቸው 1000 ሰዎች መጡ እንበል። በእውነት ታይፎይድ ያለባቸው 50 ናቸው። ምርመራው ከ100 በሽተኛ 80ውን ይይዛል፤ በሽታው ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 20ውን በስህተት «አለባችሁ» ይላል። እንግዲህ ከ50ዎቹ 40ውን አገኘ። ጥሩ ነው። ከቀሩት 950 ሰዎች ግን 190ውን በስህተት ያዘ። በድምሩ 230 ሰው «ታይፎይድ» የሚል ወረቀት ይዞ ወጣ፣ በሽታው ያለበት 40ው ብቻ ነው። ከስድስት ሰው አንዱ ገደማ ማለት ነው። ሌሎቹ አምስቱም መድኃኒት ይውጣሉ፣ ብዙዎቹም ይሻላቸዋል፣ ትኩሳታቸው ድሮም በራሱ ጊዜ የሚለቅ ስለነበር። ከዚያ ቡና ሲጠጣ «ታይፎይድ ይዞኝ ሲፕሮ አዳነኝ» ይባላል፣ የሰማውም ጎረቤት ትኩሳት ሲይዘው ፋርማሲ ሄዶ ያንኑ ይገዛል።

ታይፎይድ የለም እያልኩ እንዳይመስልሽ። አለ፣ ይገድላልም። በተሻለ መንገድ የሚታወቀው በደም ካልቸር ነው፤ ደም ተወስዶ ጀርሙ እንዲያድግ ይጠበቃል፣ ቀናት ይፈልጋል። እሱም ቢሆን ከትክክለኛ ታማሚዎች 40 በመቶ ያህሉን ሊያመልጠው ይችላል። አንቲባዮቲክ አስቀድሞ ከተወሰደ ደግሞ የበለጠ ያመልጠዋል። ይህንን አስታውሺ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ግን እኮ ተሻላት» ትይኝ ይሆናል። ይህ ነው ሁላችንንም የሚያታልለን፣ ሐኪሙንም ጭምር። ብዙ ትኩሳት በራሱ ይመጣል፣ በራሱ ይሄዳል። ሰው ደግሞ ሐኪም ጋ የሚሄደው ሲብስበት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀን ብዙ ጊዜ የተሻለ ቀን ነው፣ ምንም ባይወስድም። ክሊኒኮች የዳይክሎፍናክ መርፌም ይወጋሉ፤ ትኩሳቱን ለሰዓታት ያወርደዋል እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቅም። የሲፕሮ ነገር ከሁሉም ያሳስበኛል። ሲፕሮ ያለበት የመድኃኒት ቤተሰብ የቲቢን ጀርም በከፊል ያዳክማል። ሳይገድለው ያደክመዋል። ሰውየው ሻል ይለዋል፣ ምርመራው ንጹሕ ይመጣል፣ ቲቢው ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። እናትሽ ቲቢ አለባቸው እያልኩሽ አይደለም። «ተሻላት» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም እንደማያረጋግጥ እንድታይ ነው፣ አንዳንዴም እውነቱን የሚያርቀው እሱ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ሳይንስ እዚህ ደርሶ ትኩሳትን እንዴት አያውቅም?

ትኩሳት በሽታ አይደለም፣ የማንቂያ ደወል ነው። ደወሉን የሚያስጮኸው ነገር ከ200 ይበልጣል። በ1961 ፒተርስዶርፍና ቢሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ምክንያቱ አልገኝ ያለ ትኩሳት የነበረባቸውን 100 ሰዎች ታሪክ ሰብስበው አጠኑ፣ ለዚህ ዓይነቱ ትኩሳትም መለኪያ አወጡለት። ከ38.3 ዲግሪ በላይ በተደጋጋሚ ሲወጣ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲቆይ፣ ሆስፒታል ተኝቶ አንድ ሳምንት ተመርምሮም ሳይታወቅ ሲቀር። አየሽው? ሕክምና «አላውቅም»ን ስም ሰጥቶ፣ መለኪያ ሰጥቶ፣ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል። ከዚያ ወዲህ ሲቲ ስካን መጣ፣ የዘረመል ምርመራ መጣ፣ ብዙ ነገር መጣ። ሆኖም በአንዳንድ የአውሮፓ ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ካሉ ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ እስከ መጨረሻው ስም አላገኙም። ይህ ሳይንስ ወደ ኋላ ስለሄደ አይደለም። ቀላሎቹ ገና በመጀመሪያው ቀን ስለሚታወቁ ወደዚህ ዝርዝር የሚገቡት ከባዶቹ ብቻ ሆነዋል። ደግነቱ ስም ሳያገኙ ከቀሩት ብዙዎቹ ትኩሳቱ በጊዜ ብዛት ይለቃቸዋል።

ለወንድምሽ ይህን ንገሪው። «አላውቅም» የሚለው ቃል አንድ ይሁን እንጂ ትርጉሙ ቢያንስ ሦስት ነው። አንዱ «እኔ አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰው ግን አለ» ነው። እዚህ ላይ ሐኪሙ ያለበት ግዴታ ሪፈር መጻፍ ነው። ሌላው «እስካሁን ባለኝ መረጃ አላውቅም» ነው። የእናንተው ሐኪም ያለው ይህንን ነው፤ «እስካሁን» የምትለውን ቃል አንቺም ጽፈሻታል፣ ወንድምሽ ግን ዘሏታል። ሦስተኛው «ማንም አያውቅም» ነው። ሉፐስ የሚባለው በሽታ ከሁለት እህትማማቾች አንዷን ይዞ ሌላዋን ለምን እንደሚተው ዛሬ በዓለም ላይ በሙሉ እርግጠኝነት የሚነግርሽ የለም። ሐኪም «አላውቅም» ሲልሽ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። ነውር የለውም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

ደብተር መዝግቡ፣ ከ10 ቀን በኋላ ኑ ማለቱም ስንፍና አይደለም። ጊዜ ራሱ ምርመራ ነው። ዛሬ ያልነበረ ንፍፊት ከሳምንት በኋላ አንገት ላይ ይወጣል። ያልነበረ ድምፅ ልብ ላይ ይሰማል። ትኩሳቱ በየቀኑ ነው፣ በየሁለት ቀኑ ነው፣ ሳምንት ተሰውሮ ነው የሚመለስ፤ የእኛው ሰው «ግርሻ» የሚለው በሽታ ስሙን ያገኘው እያገረሸ ስለሚመጣ ነው እኮ። ይህንን ደብተር እንጂ ማሽን አያሳይም።

ስለ ጨጓራውም አንድ ነገር ልበል። ሦስተኛው ክሊኒክ በምን ተነስቶ ጨጓራ እንዳለ አልገባኝም፣ የሁለት ወር ትኩሳትና የሌሊት ላብ የጨጓራ ምልክት አይደለም። ነገር ግን የጨጓራ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ለረጅም ዘመን የዓለም ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀት፣ ከአሲድና ከቅመም ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። እኛ አገርም በርበሬ ተከለከለ፣ «አትጨነቅ» ተባለ። ጨጓራ ውስጥ ባለው አሲድ ባክቴሪያ ሊኖር አይችልም የሚለው ነገር እንደ ሕግ ነበር። ፐርዝ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ሮቢን ዋረን የሚባል ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ከታማሚ የተወሰደ ናሙና የሚመረምር ሐኪም፣ በማይክሮስኮፕ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ እያየ ነበር። ባሪ ማርሻል ከሚባል ወጣት ሐኪም ጋር ሆነው ለማሳደግ ሞከሩ፣ አልሆነም፤ ናሙናዎቹ በሁለት ቀን ይጣሉ ነበርና። በ1982 የፋሲካ በዓል ሆኖ ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይጣል ለቀናት ቆየ፣ ሲመለሱ አድጎ አገኙት። ሰው ግን አላመናቸውም። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፣ በቀናት ውስጥም ታመመ። ኖቤል የተሰጣቸው በ2005 ነው። ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ መጠጣቱ አይደለም። ከዚያ በፊት ስንት ሺህ ጎበዝ ሐኪም ያንን ጠመዝማዛ ነገር አይቶ «ሊኖር አይችልም» ብሎ አልፎት ይሆን? ዐይናቸው ጤነኛ ነበር። የጋረዳቸው እርግጠኝነታቸው ነው።

እንግዲህ ሐኪሞች «አላውቅም» ማለት ይህን ያህል የሚከብደን ለምንድነው? አንዱ ምክንያት እናንተ ናችሁ። ይህን በቅንነት ነው የምለው። የካርድ ብር ተከፍሎ፣ የላቦራቶሪ ተከፍሎ፣ ሰው ከሥራ ቀርቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ መጥቶ ስም የሌለው ወረቀትና ባዶ እጅ ይዞ መመለስ አይፈልግም። ሐኪሙ ይህንን ያውቃል። ባዶ እጁን የላከው ሰው ነገ ጎረቤት ያለው ክሊኒክ እንደሚሄድና እዚያ ስምም መድኃኒትም እንደሚያገኝ ያውቃል። በአንድ ቀን ብዙ ሰው የሚያይ ሐኪም ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት የለውም። «አላውቅም» ለማለት ረጅም ጊዜ ያስፈልጋል፤ «ታይፎይድ ነው» ለማለት ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ትልቁ ምክንያት ግን ይህ አይመስለኝም። ትልቁ ምክንያት ስህተታችንን የሚነግረን አለመኖሩ ነው።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንዲት ወጣት ትኩሳትና የሆድ መነፋት ይዟት መጣች። የዊዳል ወረቀቷን አይቼ ታይፎይድ አልኳት፣ መድኃኒት ጻፍኩላት። አልተመለሰችም። ድናለች ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ታይፎይድ አውቃለሁ የሚለው እምነቴ በእሷ ምክንያት ትንሽ ጨምሮ ነበር። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሌላ ሆስፒታል ተመድቤ የመጀመሪያ ቀን ዎርድ ስንዞር አልጋ ላይ አገኘኋት። የሆድ ቲቢ ነበር። ሆዷ ውኃ ቋጥሮ፣ ፊቷ ጠፍቶ፣ በመጀመሪያ አላወቅኋትም። እሷ ግን አወቀችኝ። «እርስዎ እኮ ታይፎይድ ብለውኝ ነበር» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። መልስ አልነበረኝም። ስድስት ወር መድኃኒቷን ወስዳ ዳነች። እዚያ ዎርድ ባልመደብ ኖሮ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በልቤ መዝገብ «ታይፎይድ ነበራት፣ አድኛታለሁ» ተብላ ተጽፋ ትቀር ነበር። ከእሷ በፊት የነበሩት፣ ያልተመለሱት፣ ስንቶቹ እንደዚያ ተጽፈው ቀርተው ይሆን? ይህን ጥያቄ እስካሁን ይዤው እዞራለሁ።

አሁን የእናትሽን መንገድ ተመልከቺ። የመጀመሪያው ክሊኒክ እናትሽ ድነዋል ብሎ ያምናል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። እናንተ ተናዳችሁ ወደ ሌላ በሄዳችሁ ቁጥር እነሱ ትክክል መሆናቸውን እያረጋገጡ ነው። አራተኛውን ትታችሁ አምስተኛ ጋ ብትሄዱ አምስተኛው ከዜሮ ይጀምራል፣ ምናልባትም ከዊዳል። የተሰበሰበው የአንድ ሰዓት ታሪክ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሐኪሙ በጭንቅላቱ የያዘው ምን እንደሆነ ለማስረዳት የቤተ ክህነቱን ትምህርት ልጥቀስ። የመጽሐፍ ትርጓሜ ጉባኤ ላይ የተቀመጠ ሰው ዘመድ ካላችሁ ወንድምሽ ይጠይቀው። መምህሩ የግዕዙን ንባብ አንብቦ ትርጉሙን ሲያወርድ «እንዲህ ማለት ነው» ይልና አያቆምም፤ «አንድም» ይላል፣ ሌላ ትርጉም ይሰጣል፣ እንደገና «አንድም» ይላል። አንደኛው ሁለተኛውን አያስወጣውም። ተማሪው ሁሉንም ይዞ እንዲያድር ነው የሚፈለገው። መምህሩ ስላላወቀ ነው የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ የአንድምታ መምህር ትልቅ ሊቅ ነው። ጥሩ ሐኪምም እንደዚሁ ነው የሚያስበው። አንድም ከሳንባ ውጪ ያለ ቲቢ፣ እሱ በአገራችን ብዙ ነው። አንድም ጥሬ ወተት የሚያመጣው ብሩሴሎሲስ። አንድም የልብ በር ኢንፌክሽን። አንድም የንፍፊት ካንሰር። አንድም ሰውነት ራሱን የሚዋጋበት በሽታ። አንድም የምንወስደው መድኃኒት ራሱ ትኩሳት አምጥቶ ይሆናል። የታዘዘላችሁ ምርመራ እነዚህን አንድ በአንድ ለማጥበብ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ከሁሉ በላይ የምፈራው ነው። «ሐኪሙም አያውቅም ማለት ነው፤ እንግዲያው ሁሉም እኩል ነው፣ ቲክቶክ ላይ ያየሁት ሰውዬም ልክ ሊሆን ይችላል» የሚል ነገር ይመጣል። አይደለም። መርምሮ፣ ወረቀት ሁሉ አገላብጦ «አላውቅም» ያለ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል። ዛሬ ማታ የሚገድል ነገር እንደሌለባቸው አይቷል። የትኛው በሽታ የትኛውን ምልክት እንደሚያመጣ ያውቃል። ቲቢ ከተገኘ በየትኛው መድኃኒት ስንት ወር እንደሚታከም በእርግጠኝነት ያውቃል። የእውቀቱን ዳር ስላሳየሽ መሐሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። እናትሽን ሳያይ በሽታቸውን የሚነግርሽ ሰው ግን ዳሩንም መሐሉንም አላየውም።

በሌላ በኩል መጥፎ «አላውቅም»ም አለ። ቀና ብሎ ሳያይሽ፣ ሳይነካ፣ ሳይጠይቅ «እኔ እንጃ፣ ሌላ ቦታ ሞክሩ» የሚል። ጥሩውን የምትለዪው እንዲህ ነው፤ ምን እንዳልሆነ ይነግርሻል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ይነግርሻል፣ ምን ሲታይ ቀጠሮ ሳትጠብቂ መምጣት እንዳለብሽ ይነግርሻል። የመጨረሻውን ካልነገራችሁ ደውይና ጠይቂ።

እስከዚያው እኔ ልንገርሽ። እናትሽ ግራ ከተጋቡ ወይም መቀባዠር ከጀመሩ፣ አንገታቸው ከደረቀ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ዐይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ከየትም በኩል ደም ከታየ፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ውኃ እንኳን አልወርድ ካላቸው፣ ቀጠሮውን እርሺና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው፣ ሌሊትም ቢሆን። ለራሳችሁ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትስጧቸው። ከጥቁር አንበሳ በር እስከ ፒያሳ ባሉት ፋርማሲዎች ሲፕሮ ያለ ማዘዣ የሚሸጥላችሁ አይጠፋ ይሆናል፤ ቀደም ብዬ አስታውሺ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የደም ካልቸሩን ያበላሸዋል፣ እናንተንም ወደ መጀመሪያው ይመልሳችኋል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ሐኪሙ ባላችሁ መጠን ይውሰዱ፣ ግን መጀመሪያ ለኩና ጻፉ። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ካመጣ ሽታው ደስ ካላቸው ይታሹበት፣ የሚጠጣ ነገር ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትነግሩ አይሁን። ጠበልም ከሄዱ ልብ ያሳርፋል። ምርመራውንና የታዘዘ መድኃኒትን ለማቆም ግን ምክንያት አይሁን።

ለቀጠሮው ይህን አዘጋጂ። የሦስቱንም ክሊኒኮች ወረቀት ሰብስቢ፣ ከዊዳሉ ጭምር። የዋጡትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ማሸጊያውንም ቢሆን፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ ስሙን ማስታወስ አይጠበቅብሽም። ደብተሩ ላይ ሰዓትና ዲግሪ፣ ላቡ ሌሊት ልብስ የሚያስቀይር መሆን አለመሆኑን ጻፊ። ክብደታቸውን በአንድ ሚዛን በሳምንት አንዴ ለኪ። ሐኪሙ ጠይቆ እናንተ ያልመለሳችሁት ነገር ካለ ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት፤ ጥሬ ወተት ይጠጣሉ ወይ፣ ትኩሳቱ ከመጀመሩ በፊት ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ቆላ ሄደው ነበር ወይ (ከተማችን 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባን የምናስበው ለሄደ ሰው ነው)፣ ቤተሰብ ውስጥ የቲቢ መድኃኒት የወሰደ አለ ወይ፣ በልጅነታቸው ልባቸውን ያማቸው ነበር ወይ። የኤችአይቪ ምርመራ ከታዘዘ አትቀየሙ፣ እንዲህ ላለ ትኩሳት ለማንም ሰው የሚታዘዝ ነው። እናትሽ ልጆቻቸው ፊት የማይናገሩት ነገር ሊኖር ስለሚችል ከሐኪሙ ጋር ብቻቸውን የሚሆኑበት ጊዜ ስጧቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ሁለተኛ ሐኪም መቼ ነው የሚያስፈልገው? ውጤቱ ሁሉ መጥቶ፣ ሁለት ሦስት ቀጠሮ አልፎ፣ «አላውቅም»ው ሳይጠብ እንደነበረ ከቆመ። ያን ጊዜም ተደብቃችሁ አትሂዱ። ራሱን ጠይቁት፣ «ማንን እናማክር?» በሉት። ጥሩ ሐኪም አይቀየምም፣ ውጤቱን ሁሉ አያይዞ ደብዳቤ ይጽፍላችኋል፣ አዲሱም ሐኪም ካቆመበት ይቀጥላል። ሆስፒታል ተኝተው ይመርመሩ ካለ ወይም ናሙና ከንፍፊት ይወሰድ ካለ አታቅማሙ።

የበሽታው ስም ሲታወቅ ደግሞ አንድ ነገር እለምንሻለሁ፣ ምንም ይሁን ምን። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር ቅርብ ነው። በራስ መኮንን ድልድይ ተሻግረሽ ወደዚያ ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ግቢና ያየቻቸውን ወይም ያያቸውን ሐኪም አስጠሪ። ለመውቀስ አይሁን። ወረቀቱን አሳይና «እናቴ ላይ የተገኘው ይሄ ነበር» በይ።